ሰማዩ ጠርቶ ካደረ፦ ስለ ጸደይ በረዶና ስለ ገደላማ ስርጥ ሱሉልታ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ! እንደምን አደራችሁ፣ በዕድሜ የምትበልጡን አባቶችና እናቶች! ከኋላ የተቀመጣችሁ ትሰሙኛላችሁ? ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ማይኩን እየደበደበው ነውና ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡልኝ። ቡናው ገና እየተቆላ ነው፤ እስኪፈላ ድረስ የኔ ናችሁ።

ቅድም በር ላይ አንድ ጋሼ ያዝ አደረጉኝና «በረዶ በሌለበት አገር ስለ በረዶ ሸርተቴ ማውራት፣ ባሕር በሌለበት ዋና ማስተማር አይሆንም ወይ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ፣ ከመካከላችን ግንቦት ላይ ወደ አልፕስ የሚሄዱ ልጆች አሉ፤ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጄኔቫና ዴንቨር ያሉ ዘመዶቻችሁም ቅዳሜ የት እንደሚውሉ በፎቶ ታያላችሁ። ደግሞስ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ያን ያህል እንግዳ ነው? አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጆቹ 2006 ቶሪኖ ላይ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ አገሩን ወክሏል። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ዋናው መልስ ግን ይሄ ነው፦ በጸደይ የበረዶ ስርጥ የሚወርድ ሰውና በክረምት መውጫ ወጨጫን የሚወርድ ሰው የሚገዙት ለአንድ ሕግ ነው። የሰዓት ሕግ!

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ሌሊቱን፣ ሁለተኛ ስርጡን፣ ሦስተኛ ዕቃውንና አወራረዱን። ሌሊቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ከዚያ በፊት ስለ ቃሉ አንዲት ነገር። እኛ ከሰማይ እየተንጣጣ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ባዘቶ ዝም ብሎ የሚያርፈውንም «በረዶ» እንላለን። ዛሬ በረዶ ስል ያንን ባዘቶውን ነው። ፈረንሳዮቹ ኩሉዋር የሚሉት ደግሞ በሁለት የዓለት ግድግዳ መካከል ከተራራው ራስ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ በረዶ የሞላበት ጠባብ መውረጃ ነው። እኔ ስርጥ እለዋለሁ። አንዳንዱ ከዚህ ድንኳን አይሰፋም።

ለምን ጸደይ መጨረሻ ላይ? ከዚህ በኋላ ክረምትና ጸደይ ስል የአልፕሱን ነው። በመካከለኛው ክረምት በረዶው በንብርብር ስለሚቀመጥ፣ ከስር ደካማ ንብርብር ካለ ከላይ ያለው እንደ ጠረጴዛ ልብስ ተጎትቶ ይሄዳል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ጸደይ ሲገፋ ቀን እየቀለጠ፣ ሌሊት እየረጋ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። እርጥብ በረዶም ደረቁ የማይዝበት ዓለት ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ራቁቱን የነበረው ስርጥ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይሞላል። አደጋው ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ሆነ እንጂ።

አንደኛ፦ ሌሊቱ።

እስቲ የሱሉልታ ሰዎች ንገሩኝ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ባቄላውን ውርጭ የሚመታው በየትኛው ሌሊት ነው? ደመና በሸፈነው ነው ወይስ ኮከቡ በፈሰሰበት?

በጠራው! አያችሁ፣ ግማሹን ትምህርት ታውቁታላችሁ። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ መልሶ ይይዘዋል፤ ሰማዩ ከጠራ ሙቀቱ ሄደ። በረዶ ደግሞ ሙቀት በመልቀቅ ከአፈርና ከሣር አያንስም፤ ከስሩ የሚመጣውን ሙቀትም ስለሚከለክል ላዩ ቶሎ ይበርዳል። ስለዚህ አየሩ ከዜሮ 2 ወይም 3 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንኳ፣ ሰማዩ ጠርቶ አየሩም ደረቅ ከሆነ የበረዶው ላይ ይረጋል። በተቃራኒው አየሩ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ሰማዩ ደመና ከለበሰ ሳይረጋ ሊያድር ይችላል። ጀማሪ የስልኩን ቴርሞሜትር ያያል። የባቄላ ገበሬ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። እኔ ከገበሬው ጋር ነኝ።

ይህ መቅለጥና መርጋት ለቀናት ሲደጋገም በረዶው ቅርጹን ይቀይራል። ኮከብ የሚመስለው ቅንጣት ይጠፋና ክብ ክብ ፍሬ ይሆናል። እፍኝ ብታነሱት የቂንጬ ክክ ነው የሚመስላችሁ። ፈረንጆቹ «የበቆሎ በረዶ» ይሉታል፤ ቂንጬን ቢያውቁ ኖሮ ስሙን ይቀይሩት ነበር። ሌሊት ፍሬና ፍሬው ተጣብቆ ሲሚንቶ ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ከላይ ያለው 2፣ 3፣ ቢበዛ 5 ሳንቲ ሜትር ይለቃል፣ ከስሩ ያለው ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ሸርተቴው የሚፈልገው ይህችን ሰዓት ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ትቆያለች፣ አንዳንድ ቀን 20 ደቂቃ።

ከእሷ በፊት ብትወርዱስ? በሰሌዳ ላይ እንደ መሸራተት ነው። የስኪው ጠርዝ ይጮኻል እንጂ አይነክስም። 45 ዲግሪ በረጋ በረዶ ላይ የወደቀ ሰው ራሱን የሚያቆመው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ነው፤ ያቺ ካለፈች ስርጡ እስከሚያልቅ ይሄዳል።

ከእሷ በኋላስ? እዚህ ላይ ጫማችሁን ተመልከቱ። ስትረግጡ የጫማው ሶል ብቻ ከገባ ጥሩ ነው። ቁርጭምጭሚት ከደረሰ ውጡ። ጉልበት ከደረሰ መውጣት የነበረባችሁ ቀድሞ ነው። ውሃው በፍሬዎቹ መካከል ወርዶ ማጣበቂያውን ፈቷል፤ አንድ ሰው ሲዞር የሚነሣው ጥቂት በረዶ እየተንከባለለ ሌላውን ይጠራል። እርጥብ ናዳ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ክብደቱ ግን እንደ ሊጥ ነው፤ ሲቆም ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ይረጋል።

ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ስርጥ ቀድሞ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ የደቡቡ፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ። ወደ ሰሜን የዞረው ቀኑን ሙሉ ሳይለቅ ሊውል ይችላል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት እንውረድ?» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ «ስርጡ ወዴት ያያል?» ነው።

አሁን ወረቀት ያላችሁ ጻፉ። ሰዓት የሚቆጠረው ከኋላ ወደፊት ነው። ደቡብ ምሥራቅ የሚያይ፣ ቁመቱ 600 ሜትር የሆነ ስርጥ አለን እንበል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መውረድ ፈለግን። ዕቃ ለመቀየርና ለመተንፈስ ግማሽ ሰዓት፤ ስለዚህ ከላይ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ አለብን። ስኪ በጀርባ ተሸክሞ፣ ክራምፖን፣ ማለት ጫማ ስር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት፣ አድርጎ በሰዓት 250 ሜትር ከፍታ መውጣት ጥሩ ፍጥነት ነው፤ 600ው 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ 2 ሰዓት ተኩል እንበለው። ከስርጡ ስር 12 ሰዓት ላይ መነሣት ነው። ታች ያለውን የበረዶ ስንጥቅ (ኋላ እመለስበታለሁ) ለማለፍ ግማሽ ሰዓት፣ ከተራራ ጎጆው እስከዚያ 2 ሰዓት። ከጎጆው የምንወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ የምንነቃው 8 ሰዓት ተኩል። ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የጎጆው ጠባቂ ሰሌዳው ላይ 2:30 ብሎ ነው የሚጽፈው። ይህችን 6 ሰዓት ያቀላቀለ ሰው ናዳውን በምሳ ሰዓት ያገኘዋል።

2 ሰዓት ተኩል ሆኖ ጫፍ ካልደረሳችሁስ? ካላችሁበት ዙሩ። «አንድ 80 ሜትር ናት የቀረችው» የሚል ሰው ይኖራል፤ ሁልጊዜ ይኖራል። 80 ሜትሯ በዚያ ፍጥነት 20 ደቂቃ ናት፤ ለስላሳዋ ሰዓት ደግሞ አንዳንዴ ሙሉዋ 20 ደቂቃ ነው ብለናል።

ከጎጆው ስትወጡ በር ላይ ያለውን በረዶ በተረከዛችሁ ምቱት። ከያዘ ሂዱ። የረጋው ግን ስስ እንዳይሆን የስኪ ዘንጋችሁን በእጀታው በኩል ገልብጣችሁ ግፉት፤ 2 ሳንቲ ሜትር ቅርፊት ጥሶ ከስሩ እርጥብ ካገኘ፣ ያ ገንፎ ላይ የደረቀ ቆዳ ነው። ተመልሳችሁ ተኙ። ማንም አይሰድባችሁም፤ ቢሰድባችሁም ተኝታችሁ አትሰሙትም።

ስለዚህ ነገር አንድ ተራራ ምስክር ልጥራ። ሞን ብላን አካባቢ ኤጊዊ ቬርት የሚባል 4,122 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር ሰኔ 29 ቀን 1865 ከመሪዎቹ ከክርስቲያን አልመርና ከፍራንዝ ቢነር ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣው። የወጡበት በደቡብ በኩል ያለው ስርጥ እስከ ዛሬ በዊምፐር ስም ይጠራል። በ1968 ስዊዘርላንዳዊው ሲልቫን ሶዳን በስኪ ወረደበት። ያንን ስርጥ የሚያውቁ ሰዎች የሚነሡት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ ፀሐይ ግድግዳውን ስትነካው ሌሊት በውርጭ ተጣብቀው ያደሩት ድንጋዮች ይፈታሉና። በዚያው ተራራ ሐምሌ 7 ቀን 1964 የበረዶ ናዳ 14 ሰው ገድሏል። አንዱ በ1962 በስላሎም፣ ማለት በተተከሉ እንጨቶች መካከል እየተጠማዘዙ በሚወርዱበት የስኪ ውድድር፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሻርል ቦዞን ነው። የዓለም ሻምፒዮን! በሸርተቴ ችሎታ ከማን ያንስ ነበር?

ሁለተኛ፦ ስርጡ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንለካለን? ስልክ ላይ አፕ አለ፣ ጥሩ ነው። ባትሪ በብርድ ሲሞት ግን ሁለት እኩል ዱላ ይበቃል። እዚህ ግቢ ውስጥ የማይጠፋ ነገር! አንዱን ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ሁለተኛውን ከአናቱ ላይ አስነክታችሁ ወደ ተራራው በኩል አግድም ዘርጉት። ጫፉ መሬቱን ልክ ከነካ 45 ዲግሪ ነው። ጫፉ ሳይደርስ አየር ላይ ከቀረ ቁልቁለቱ ከዚያ ያንሳል። ዱላው ገና ሳይዘረጋ መሬቱ ከከለከለው ከ45 ይበልጣል፤ ከአምስት እጅ አራቱን ብቻ ካስገባ 51 ዲግሪ ገደማ ነው። ለንጽጽር፣ መንገድ ላይ «10 ፐርሰንት» የሚል የቁልቁለት ምልክት 6 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

ስርጥ ማለት መንሸራተቻ ብቻ አይደለም፤ ማንቆርቆሪያ ነው! ከላይ የተነሣ ነገር ሁሉ፣ በረዶውም፣ ድንጋዩም፣ የጓደኛችሁ ስኪም፣ የሚያልፈው በዚያች ጉሮሮ ነው። ለዚህ ነው በወቅቱ መጨረሻ መሐሉ ላይ ቦይ የሚቆፈረው፤ አንዳንዱ አንድ ሜትር ይጠልቃል፣ ወለሉም እንደ መስተዋት የረጋ በረዶ ነው። ቦይ ያለበት ስርጥ ላይ ከዳርና ከዳር አንዱን ምረጡ። መሻገር ግድ ከሆነ አንድ በአንድ፣ ጥልቀቱ ባነሰበት፣ ሳትቆሙ።

ከራሱ ላይ ደግሞ ንፋስ የሠራው፣ ወደ ባዶ አየር የተንጠለጠለ በረዶ አለ። ኮርኒስ ነው የሚሉት። አዎ፣ እቤታችን አናት ላይ ያለው ኮርኒስ! ልዩነቱ ይኸኛው ከስሩ ግድግዳ የለውም፤ ሲወድቅም ከምታስቡት ወደ ኋላ ርቆ ነው የሚቆረጠው። ቀና ብላችሁ ኮርኒሱ ፀሐይ ላይ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ከስሩ አትመገቡ፣ ፎቶ አትነሡ፣ ጫማ አትፍቱ።

ታች ላይ ግግር በረዶው ከተራራው የሚላቀቅበት ስንጥቅ አለ፤ ጀርመኖቹ በርግሽሩንድ ይሉታል። ክረምት ላይ በረዶ ይደፍነዋል፤ ጸደይ ሲገፋ አፉን ይከፍታል። ጠዋት ስትወጡ በላዩ ያለው የበረዶ ድልድይ ይዞ ሊያሳልፋችሁ ይችላል። ያው ድልድይ ከ4 ሰዓት በኋላ ያው ድልድይ አይደለም። ስለዚህ ስትወጡ ነው የምትወርዱበትን ቦታ ምልክት የምታደርጉት፤ ቀጭን የ30 ሜትር ገመድም በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ይኑር። በምትወርዱበት ስርጥ ውጡ የምንለውም ለዚሁ ነው። በሌላ በኩል ወጥቶ ወደማያውቀው ስርጥ መግባት፣ ዓይንን ሸፍኖ ደረጃ መውረድ ነው።

ሦስተኛ፦ ዕቃውና አወራረዱ። ዝርዝሩን ወረቀቱ ላይ ታገኙታላችሁ፣ በቶሎ ልለፈው። የራስ መከላከያ ቆብ (ሄልሜት) ከጎጆው ጀምሮ፤ በእጅ የሚያዝ የበረዶ መጥረቢያ፤ የብረት ክራምፖን፤ የናዳ ማስተላለፊያ (የተቀበረ ሰው የሚገኝበትን የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ። ማስተላለፊያው በዓለም ሁሉ በ457 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ የማንኛውም አምራች ቢሆን ከሌላው ጋር ይግባባል። ስልክን ግን ከእሱ አርቁ፤ ስትፈልጉ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር። መፈለጊያ ዘንጉ ከ240 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ አካፋው የብረት ይሁን፤ ፕላስቲኩ ያንን የረጋ በረዶ ሲነካ ይሰበራል። ናዳ የቀበረው ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጣ ብዙ ተስፋ አለው፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው በፍጥነት ይወርዳል። ሄሊኮፕተር በ10 ደቂቃ ይደርሳል? አይደርስም። የሚያወጣችሁ አጠገባችሁ ያለው ነው።

ይህን በቶሎ አለፍኩ፤ እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ሰው ሁሉ ስለ መውረድ ያወራል፤ ስኪ ስለ ማጥለቅ ማን ያወራል? ስርጡ አናት ላይ፣ 45 ዲግሪ ላይ ቆማችኋል። መጀመሪያ መጥረቢያውን እስከ አንገቱ ትከሉና ቦርሳችሁን እሱ ላይ እሰሩ። በአካፋ የስኪውን ርዝመት ያህል ጠፍጣፋ መደብ ቁረጡ። አሁን የጫማውን አፍንጫ ተመልከቱ፦ በሁለቱ ጎን ትንንሽ ቀዳዳ አለች፤ የማሰሪያው ሁለት የብረት ጥርሶች የሚገቡባት። ስትወጡ እዚያች ውስጥ በረዶ ገብቶ ረግቷል። ከማሰሪያው ምላስ ስርም እንዲሁ። በረዶው ካልወጣ ጥርሱ የገባ ይመስላል፤ «ቀጭ» ይላል፤ ግን ሙሉ አልገባም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስኪው ይለቅና እግራችሁ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ቀዳዳዋን በሹል ነገር ጥረጉ፣ ከምላሱ ስር ያለውን ፈልቅቁ፣ አስገቡ፣ ተረከዙ ሳይታሰር እግራችሁን አራት አምስት ጊዜ ወደፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙ። ከዚያ ተረከዙን ዝጉ። ሁለት ደቂቃ ነው። መጥረቢያው የሚነቀለው ሁለቱም እግር ከታሰረ በኋላ ነው፤ በፊት አይደለም፣ በፊት አይደለም!

አወራረዱ ላይ፦ መጀመሪያ አትዙሩ። በጎን ተንሸራተቱ፣ 5 ሜትር፣ 10 ሜትር፣ ጠርዙ ምን እንደሚል ስሙ። ቀጥሎ የስኪ ዘንግን ከታች ተክሎ፣ ሁለቱን ስኪ አንድ ላይ አንሥቶ፣ አየር ላይ አዙሮ በአግድም ማረፍ። ከእያንዳንዷ መታጠፊያ በኋላ ፍጥነት ዜሮ ይሁን፤ ፍጥነት ያስተረፈ ሰው በሚቀጥለው ይከፍለዋል። የሚወርደው አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀረው ከዳር፣ ከዓለት ጥግ ስር ይጠብቃል። ከመታጠፊያችሁ የተነሣው በረዶ ከኋላ ሲከተላችሁ አትሽቀዳደሙት፤ ወደ ዳር ወጥታችሁ አሳልፉት። ከዓለቱ ስር የበረዶ ኳስ በራሱ መንከባለል ከጀመረ፣ ያ የመጀመሪያው ደወል ነው፤ ሁለተኛ ደወል ላይኖር ይችላል።

እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ሳንባችን እዚያ ያስቀናል። ሳንባው አብሯችሁ ይሄዳል፤ የስኪ እግር ግን እዚህ አይሠራም። በተዘጋጀ መንገድ ላይ፣ በረጋ በረዶ፣ 35 ዲግሪ ላይ በግራም በቀኝም ሳይወድቅ የማይዞር ሰው ስርጥ አጠገብ አይድረስ። ልጆች፣ ቅር አይበላችሁ፣ ዘንድሮ ከእናንተ መካከል ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ የምትችሉት፤ የቀራችሁት ጎጆው ድረስ ወጥታችሁ ተመልከቱ።

እዚህ ምን ይሠራል? ብዙ ይሠራል። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ የረር አለ፤ እንጦጦ አጠገባችን ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ዝናብ ያላቀቀው ድንጋይ በስርጡ አፍ ላይ ተደርድሮ እግር ይጠብቃል። እዚያ አንዱ ካንዱ አናት በላይ በሰልፍ አትውረዱ፤ በአግድም ተበተኑ፣ ወይም አንድ በአንድ ከዳር ወደ ዳር። ድንጋይ የነካ ሰው ቢወድቅም ባይወድቅም «ድንጋይ!» ብሎ ይጩኽ። የከሰዓቱ ዝናብ የአልፕስን ፀሐይ ይተካል፤ እሱንም ከኋላ ወደፊት ቁጠሩት፦ 8 ሰዓት ላይ ይጥላል ካላችሁ፣ 6 ሰዓት ላይ ከስርጡ አፍ ውጭ ናችሁ፤ መነሻውን ከዚያ አስሉ። በ12 ኪሎ ቦርሳ የሰዓት ፍጥነታችሁን እዚሁ ለኩ፤ 250 ሜትሩን እንጦጦ ላይ ያላገኘ ሰው አልፕስ ላይ አያገኘውም።

የቡናው ሽታ ደረሰኝ። ቡናው እስኪቀዳ ድረስ ግን ከድንኳኑ ኋላ ወዳለው ዳገት እንውጣ። አራት አራት ሆናችሁ ተከፈሉ፣ ለየቡድኑ ሁለት እኩል ዱላ። አጥሩ ጥግ ያለችውን ቀይ አፈር ጨምራችሁ ሦስት ቦታ ለኩና ዲግሪውን በወረቀት አምጡልኝ። ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ፤ ያቺን የያዟትን ዱላ እፈልጋታለሁ።